ውሃ ልክ

አባቴ ግንበኛ ነው። ከኤረር በር በታች
ያዘመመ ግድግዳ ሲኖር "አዩብን ጥሩት" ይላሉ እናቶች።
ዕቃው ብዙ አይደለም፤ መዶሻ፣ ቱንቢ፣ ሲባጎ፣
ውስጡን የሚያሳይ ረጅም የላስቲክ ቱቦ፣
ውሃ የተሞላ፣ በትከሻው ላይ ተጠቅልሎ።

ሁለት ግድግዳዎች፣ ጎረቤት ሆነው የማይተያዩ፣
በሰው ቤት፣ በጠባብ መንገድ የተለያዩ፣
"የቱ ይበልጣል?" ሲሉት ዓይኑን አያምንም፤
በግምት ድንጋይ አይጥልም።
አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጥቶ ይዞራል ከማዶ፤
"ምልክት አድርጊ!" ይለኛል፣ ፊቱ በግንብ ተጋርዶ።
ቤቱን ዞረን ስንመለስ፣ ከተነሳንበት ጭረት
መጨረሻችን ካልገጠመ፣ ቢስት እንኳ አንድ ጣት፣
"አረፋ ገብቷል" ይላል። ቱቦውን በጥፍሩ
ይመታል፣ ያዳምጣል፣ እስኪወጣ አየሩ።

እኔ ቱቦ የለኝም። ማታ ማታ
ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ መብራት ሲመጣ ሲጠፋ በተርታ፣
ሠላሳ አንድ ጥናት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ
ስድስት የደም ግፊት ክኒን አስተያያለሁ፣ እንቅልፌን ትቼ።

ነጩ ከቢጫው ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፤
በአንድ አዳራሽ ሁለቱን ማንም አላሰለፈም።
ነጩ ግን ገጥሟል፣ ከባዶ ክኒን ጋራ፤
ቢጫውም እንደዚያው፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ተራ።
ባዶው ነው ውሃዬ። ሁለቱ የማይተያዩ
በእሱ በኩል ዞረው ቁመታቸውን ለዩ።

ቀላል ይመስላል።
አይደለም።
የነጩ ሰዎች ጎልማሶች ናቸው፣ ዳገት በሩጫ የሚወጡ፤
የቢጫው አዛውንት፣ በምርኩዝ የመጡ።
ያ ባዶና ይሄ ባዶ አንድ ውሃ ነው ወይ?
አንዱ ከጉድጓድ ተቀድቶ፣ አንዱ ከሰማይ?

ከሰንጠረዡ ግርጌ ደግሞ፣ በደቃቅ ፊደል፦
"አሥራ አራት ሰዎች አቋርጠዋል።"
ለምን? አልተጻፈም።
ምናልባት አንዷ ልጇ ታሞባት፣
ምናልባት አንዱን ክኒኑ አዙሮት፣
ገበያ መሐል ወድቆ፣ አፍሮ
ቀረ፣ በዚያው ቀጠሮ።

ዶክተር ፈትለወርቅ ጠዋት ብቅ አለች ከበር፦
"አንደኛው የቱ ነው?" እንደ ሩጫ ነገር።
"ቢጫው፤ ግን..."
"ግን" አትወድም። ኮሪደሩ ሞልቷል፤
ከባቢሌ የመጣው ሌሊቱን ተጉዟል።
"ግን አንደኛም ሊሆን ይችላል፣ አራተኛም፤
የያዘው ክር አንድ ጥናት ነው፣ ሌላ የለም።"
ሳቀች። "ምን ያደርጋል? ቢጫው ከመጋዘን ካለቀ
ሦስት ወሩ። ያለን ሦስተኛው ነው፣ ሮዙ።"
ሄደች፣ ሮዙን ልትጽፍ ለሚጠብቁት ሁሉ።

አባቴም የሚውጠው ሮዙን ነው።

እሁድ ቤት ሄጄ ሥዕሉን አሳየሁት፦
ስድስት ነጥብ ዙሪያውን፣ ባዶውን መሐል ያደረግሁት፣
ወፍራም መስመር፣ ቀጭን መስመር።
ዝም ብሎ አየው። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር፣
አወረደው።
"ይሄ ጁገል ነው" አለ። "መሐሉ ፈረስ መጋላ፤
እነዚህ በሮቹ።"
"በሩ አምስት አይደል፣ አባ?"
"ስድስተኛው በኋላ የተከፈተው ነው፣ መኪና እንዲገባ።"

ጥቂት ቆየና ጠየቀኝ፦
"ዞረሽ ስትመለሺ ጭረትሽ ገጠመልሽ?"
"በዚህ በኩል ገጠመ። በሮዙና በነጩ መሐል ግን
ይስታል፣ ሁለት ጣት ይሆናል።"
"አረፋ አለዋ።"
"አለ።"
"የቱ ጋ?"
"አላወቅሁም፣ አባ።"

ክኒኑን ዋጠ፣ ውሃ ተጎነጨበት።
ከዚያ ኖራ የበላውን ጣቱን አነሳና
ቀጭኗን መስመር በወረቀቱ ላይ
በጥፍሩ መታ፣ መታ፣ መታና
ጎንበስ አለ፣
ስትንቀሳቀስ ሊያይ።